የተበላሸ ኔትወርክ ፊት ስትቀመጡ፦ ስለ ላብ ፈተና ዝግጅት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ከጥቂት ወጣቶች ጋር ተሰብስበን የኔትወርክ ላብ፣ ማለትም በእጅ የሚሠራ የኔትወርክ ልምምድ፣ እንሠራለን። ግማሾቹ ተማሪዎች ናቸው። ግማሾቹ በፋብሪካና በባንክ የሚሠሩ የአይቲ ባለሙያዎች ናቸው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማና ከአረርቲ በቴሌግራም የሚጠይቁኝም አሉ። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። በተለይ ብልሽት ፍለጋ ላይ፣ ማለትም የተበላሸ ኔትወርክ ተሰጥቷችሁ "አስተካክሉት" በምትባሉበት ክፍል፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ መልሶቹን እዚህ አንድ ላይ ጻፍኳቸው።

የላብ ፈተና ከምርጫ ፈተና በምን ይለያል?

ምርጫ ፈተና ላይ መልሱ ከፊታችሁ ተቀምጧል፤ ሥራችሁ መለየት ነው። ላብ ፈተና ላይ የሚጠብቃችሁ ጥቁር ስክሪን ነው። ራውተሮቹ (የተለያዩ ኔትወርኮችን የሚያገናኙት) እና ስዊቾቹ (በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎችን የሚያገናኙት) በርተዋል፣ የኔትወርኩ ካርታ ተሰጥቷል፣ የሆነ ነገር ግን አይሠራም። ነጥብ የሚሰጣችሁ ስለተናገራችሁት ሳይሆን ኔትወርኩ መጨረሻ ላይ ስለሠራ ነው።

በጣም የታወቀው ሲሲአይኢ (CCIE)፣ የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ የሲስኮ ከፍተኛ ደረጃ ፈተና፣ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ አሁን የላብ ፈተናው 8 ሰዓት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በራውቲንግና ስዊቺንግ ዘርፍ 2 ሰዓት የሚፈጅ የብልሽት ፍለጋ ክፍል ለብቻው ተጨመረበት። ከ2020 ወዲህ አሠራሩ ተቀይሯል። አሁን 3 ሰዓት ለዲዛይን፣ 5 ሰዓት ደግሞ ለመዘርጋት፣ ለማንቀሳቀስና ለማሻሻል ተመድቧል። ብልሽት ፍለጋው በዚህ በ5 ሰዓቱ ውስጥ ተበትኗል። ስለዚህ "ብልሽት ፍለጋ ለብቻው ስለሌለ አልዘጋጅም" ማለት ስህተት ነው። እንዲያውም አሁን የት ቦታ እንደሚመጣባችሁ አታውቁም።

ወደዚያ ያልደረሳችሁም ብትሆኑ ጉዳዩ ይመለከታችኋል። የጀማሪ ደረጃ የሆነው የሲስኮ ሲሲኤንኤ (CCNA) ፈተና ራሱ በ120 ደቂቃው ውስጥ በእጅ የሚሠሩ የላብ ጥያቄዎች አሉት። የሊኑክስ ኩባንያው የሬድ ሃት ፈተናዎች ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅ የሚሠሩ ናቸው።

ኮንፊግ ማድረግ (መሣሪያውን በትእዛዝ ማዋቀር) ላይ ጎበዝ ነኝ። የተበላሸ ነገር ሲሰጠኝ ግን እደናገራለሁ። ለምን?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። እኔም ከሁሉም በላይ የማስብበት እሱን ነው።

ራሳችሁ የዘረጋችሁትን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ። አድራሻውን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። የትኛው ኬብል የት እንደገባ በጭንቅላታችሁ አለ። ፈተናው ላይ ግን ሌላ ሰው በሠራው ቤት ውስጥ በጨለማ ትገባላችሁ። ማብሪያና ማጥፊያው በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ አታውቁም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ያየውን ሁሉ መነካካት ይጀምራል። አንዱን ትእዛዝ ያጠፋል፣ ሌላውን ይጨምራል። ከ10 ደቂቃ በኋላ በአንድ ብልሽት ላይ የራሱን ሦስት ብልሽት ደርቦበታል።

ፈተናው የሚለካው ስንት ትእዛዝ እንደምታውቁ አይደለም። በምን ቅደም ተከተል እንደምትመለከቱ ነው። ለዚህ እኛ ጋ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ችግሩን በወረቀት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ማንም ኮንፊግ ውስጥ አይገባም። "ኔትወርክ አይሠራም" አይቆጠርም። "ከ10.3.3.20 ወደ 10.1.1.10 ፒንግ አያልፍም፣ ወደ ጌትዌይ ግን ያልፋል" ይቆጠራል። (ፒንግ መልስ ይመጣ እንደሆነ ለማየት የሚላክ ሙከራ ነው፤ ጌትዌይ ደግሞ ከራስ ኔትወርክ መውጫ የሆነው ራውተር ነው።) መጀመሪያ ላይ ልጆቹን ያሰለቻቸዋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሳልነግራቸው ራሳቸው ወረቀት ያወጣሉ።

ሁለተኛው መድኃኒት ማበላሸት ነው። አንድ ትንሽ ኔትወርክ ሥሩ፤ ሦስት ራውተር፣ ሁለት ስዊች ይበቃል። እንደሚሠራ አረጋግጡና ሴቭ አድርጉት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አበላሹ፤ ለምሳሌ የአንዱን ራውተር የሄሎ ሰዓት (ለጎረቤቱ "አለሁ" የሚልበትን የጊዜ ልዩነት) ቀይሩ። አሁን ምን እንደተፈጠረ በእርጋታ ተመልከቱ። ጎረቤቱ ጠፋ? በስንት ሰከንድ? ሎጉ ላይ ምን ተጻፈ? ሾው፣ ያለውን ሁኔታ የሚያሳየው ትእዛዝ፣ ምን አሳየ? ይህንን በደብተር ጻፉ፤ በግራ "ያበላሸሁት"፣ በቀኝ "የታየው ምልክት"። እንዲህ ያለ 60 መስመር ያለው ደብተር ከየትኛውም ወፍራም መጽሐፍ ይበልጥባችኋል። ፈተናው ላይ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ምልክቱ ነውና፣ ደብተሩን ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ተለማምዳችኋል ማለት ነው።

ፍለጋውን ከየት ልጀምር? ከኬብሉ ወይስ ከላይ?

ሁለቱም መንገድ በየመጻሕፍቱ አለ። ከታች ወደ ላይ መሄድ ይቻላል፤ ኬብል፣ ፖርት፣ ቪላን (ስዊች ላይ የሚከፈል ምናባዊ ኔትወርክ)፣ አይፒ አድራሻ፣ ራውቲንግ (የመንገድ መረጣ) እያሉ። ከላይ ወደ ታችም ይቻላል፤ ከአፕሊኬሽኑ ተነስቶ። ጊዜ በሚለካበት ፈተና ላይ ግን እኔ የምመክረው መሐል ላይ መቁረጥን ነው።

እቃ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወደ አጣዬ ላካችሁ እንበል። አልደረሰም። ምን ታደርጋላችሁ? ከመናኸሪያ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ኬላ አትጠይቁም። መጀመሪያ ደብረ ሲና ያለ ሰው ጋ ትደውላላችሁ። "አውቶቡሱ አልፏል" ካላችሁ ደብረ ብርሃንን መጠየቅ ቀረላችሁ፤ ችግሩ ከደብረ ሲና ወዲያ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው። "አላየሁትም" ካላችሁ ደግሞ ወዲህ ነው። አንድ ስልክ የመንገዱን ግማሽ ከጥርጣሬ አወጣው።

ኔትወርኩም እንደዚሁ ነው። መሐል ያለው ራውተር ላይ ቁሙና ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ፒንግ አድርጉ። ትሬስራውት የሚባለው ትእዛዝ ፓኬቱ (የሚላከው የመረጃ ጥቅል) የት ድረስ እንደሄደ ያሳያችኋል። አንድ ነገር ግን አትርሱ። መንገዱ ደርሶ መልስ ነው። ፓኬቱ ደርሶ መልሱ መንገድ አጥቶ ሊቀር ይችላል። እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ የመሄጃውን ራውቲንግ ሠንጠረዥ አይተው የመመለሻውን ሳያዩ ይቀራሉ።

አንድ ትኬት (አስተካክሉ ተብሎ የሚሰጥ የብልሽት ጥያቄ) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየን።

በደስታ። ላባችን ውስጥ ራውተሮቹን በአካባቢያችን ስም ነው የምንጠራቸው፤ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ሸዋ ሮቢት። ለማስታወስ ይመቻል። ጣርማ በር እንደ ዋሻው መሐል ላይ ነው፤ ሁሉም በእሱ ያልፋል።

ትኬቱ እንዲህ ይላል። ሸዋ ሮቢት ያለው ፒሲ፣ 10.3.3.20፣ ደብረ ብርሃን ካለው ሰርቨር፣ 10.1.1.10፣ ጋር አይገናኝም። አስተካክሉ። ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) መጨመር አይፈቀድም። ያለውን አክሰስ ሊስት (ምን እንደሚያልፍና እንደማያልፍ የሚወስን ዝርዝር) ማንሳትም አይፈቀድም።

መጀመሪያ ከፒሲው ወደ ጌትዌዩ፣ 10.3.3.1፣ ፒንግ። ያልፋል። ስለዚህ ኬብሉ፣ ስዊቹና ቪላኑ ከጥርጣሬ ወጡ። በአንድ ትእዛዝ ሦስት ነገር። ቀጥሎ ወደ ሰርቨሩ ፒንግ። ጌትዌዩ ራሱ "መድረሻው አይደረስም" ብሎ ይመልሳል። ይሄ መልስ ትልቅ ፍንጭ ነው። ዝም ማለትና "አይደረስም" ብሎ መመለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጌትዌዩ መንገዱን አላውቀውም እያለ ነው።

ሸዋ ሮቢት ራውተር ላይ ግቡ። ሾው አይፒ ራውት። የ10.1.1.0 መስመር የለም። ኔትወርኩ የሚሠራው በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ስለሆነ፣ ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር። ጎረቤቱ ጣርማ በር አለ፣ ግን ሁኔታው ኤክስስታርት፣ ማለትም የመረጃ ልውውጡ መጀመሪያ፣ ላይ ቆሟል። ፉል (የተሟላ ጎረቤትነት) አልደረሰም። ትንሽ ጠብቃችሁ ድገሙት፤ አሁንም እዚያው ነው።

ደብተራችሁን የሠራችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ልባችሁ ይረጋጋል። ሄሎ ሰዓት ወይም ኤሪያ (ኦኤስፒኤፍ ኔትወርኩን የሚከፍልበት ክልል) ቢለያይ ኖሮ ጎረቤቱ ጭራሽ እዚህ ደረጃ ባልደረሰ ነበር። ሄሎ ተለዋውጠው ዳታቤዝ መለዋወጥ ሲጀምሩ ከተጣበቁ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤምቲዩ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን፣ ነው። ሾው አይፒ ኢንተርፌስ በሁለቱም ጫፍ። በጣርማ በር 1500 ባይት። በሸዋ ሮቢት 1400። ለማረጋገጥ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጎረቤቱ በ1500 ባይት፣ መቆራረጥ በተከለከለበት ሁኔታ ፒንግ አድርጉ። አያልፍም። ተራው ፒንግ ግን መጠኑ 100 ባይት ብቻ ስለሆነ ሲያልፍ ነበር። ብዙ ሰው "ፒንግማ ያልፋል" ብሎ የሚታለለው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ሁለት ምርጫ አለ። ኦኤስፒኤፍን "የኤምቲዩ ልዩነቱን ተወው" ማለት ይቻላል። ጎረቤትነቱ ይመሠረታል። ግን ልዩነቱ ራሱ አልተነካም፤ ትልልቅ ፓኬቶች ላይ ሌላ ቀን ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ኤምቲዩውን ወደ 1500 መልሱት። ኔበሩ ፉል ሆነ። መንገዱ ሠንጠረዡ ላይ ወጣ።

ፈተናው ያላለቀው እዚህ ነው። ወደ ፒሲው ተመለሱና ትኬቱ የጠየቀውን ፒንግ ድገሙት። አሁንም አይሠራም! ግን መልሱ ተለውጧል። አሁን የሚመልሰው የደብረ ብርሃን ራውተር ነው፤ እንዳያልፍ ተከልክሏል ይላል። ሄደን ሾው አክሰስ ሊስት ስንል፣ ወደ ሰርቨሩ በሚወስደው ኢንተርፌስ መውጫ ላይ የተቀመጠ ሊስት አለ። ለ10.3.3.0 የተፈቀደው በ0.0.0.15 ዋይልድካርድ (የአድራሻውን ስፋት የሚወስን ቁጥር) ነው። ይሄ የሚሸፍነው ከ0 እስከ 15 ያለውን ብቻ ነው። የኛ ፒሲ 20 ነው። መጨረሻ ላይ የተጻፈው የዲናይ (የክልከላ) መስመር ቆጣሪ ፒንግ ባደረግን ቁጥር ይጨምራል። ማስረጃው ይሄው ነው። ሊስቱን ሳናነሳ ያንኑ መስመር በተራ ቁጥሩ አስተካክለን 0.0.0.255 እናደርገዋለን። ፒንግ። አምስት ቃለ አጋኖ (በሲስኮ ፒንግ ላይ ቃለ አጋኖ መልስ መጣ ማለት ነው፣ ነጥብ ደግሞ አልመጣም)።

ምናልባት የመጀመሪያው ነጥብ ሆኖ አራቱ ቃለ አጋኖ ቢሆኑ አትደንግጡ። ራውተሩ የጎረቤቱን ማክ አድራሻ (የሃርድዌር አድራሻ) አርፕ በሚባለው ፕሮቶኮል እስኪጠይቅ የመጀመሪያው ፓኬት ይጠፋል። ድገሙት፣ አምስቱም ይመጣሉ።

ይህ ትኬት ሁለት ብልሽት ነበረው። አንዱን ጠግናችሁ ሳትፈትሹ ብትሄዱ ነጥብ የለም።

የትኞቹ ብልሽቶች ናቸው የሚደጋገሙት?

ስዊች ላይ ከጀመርን ትራንክ (የብዙ ቪላኖችን ትራፊክ የሚሸከም መስመር) ነው። በትራንኩ ላይ ቪላኑ አልተፈቀደም፣ ወይም በሁለቱ ጫፍ ያለው ኔቲቭ ቪላን (ያለ መለያ ምልክት የሚያልፈው) ተለያይቷል፣ ወይም ቪላኑ ራሱ ስዊቹ ላይ አልተፈጠረም። ፖርት ሴኩሪቲ ፖርቱን ኤረር ዲሴብልድ አድርጎ ዘግቶት ሊሆንም ይችላል።

ትራንክ ላይ አንድ ነገር ከራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ አዲስ ቪላን በትራንኩ ላይ መጨመር ነበረብኝ። የተፈቀዱትን ቪላኖች በሚዘረዝረው ትእዛዝ ውስጥ "አድ" የምትለዋን ቃል ሳልጽፍ ኢንተር ነካሁ። ያቺ ቃል ከሌለች ትእዛዙ አይጨምርም፤ የቀደመውን ዝርዝር ሽሮ አዲሱን ብቻ ያስቀምጣል። አንድ ፎቅ ሙሉ ከሥራ ወጣ። እኔም የገባሁበት መስመር አብሮ ስለተቆረጠ በርቀት ማስተካከል አልቻልኩም። ደረጃ በሩጫ ወርጄ ኮንሶል ኬብል ሰካሁ። ያን ቀን በመስኮት ደንበኞች ተሰልፈው ሲጠብቁ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ልጆቼን ይቺን ቃል ደጋግሜ አስጽፋቸዋለሁ። በርቀት ስትሠሩ ደግሞ ከመንካታችሁ በፊት "ከ10 ደቂቃ በኋላ ሪሎድ አድርግ" ብላችሁ ማዘዝ ልመዱ። ከተቆረጣችሁ ራውተሩ ተነስቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከተሳካላችሁ ትሰርዙታላችሁ።

ኦኤስፒኤፍ ላይ ጎረቤት ካልመጣ፦ ኤሪያ፣ ሰብኔት ማስክ፣ ሄሎና ዴድ ሰዓት፣ የይለፍ ቃል፣ ፓሲቭ (ሄሎ የማይልክ) ኢንተርፌስ፣ የተደጋገመ ራውተር አይዲ። በኤተርኔት ላይ ሄሎ 10፣ ዴድ 40 ሰከንድ ነው። አክሰስ ሊስት ፕሮቶኮል 89ን፣ ማለትም ኦኤስፒኤፍን ራሱን፣ ዘግቶትም ይሆናል። ጎረቤቱ ፉል ሆኖ መንገዱ ካልመጣ ደግሞ የኔትወርክ ዓይነቱን በሁለቱም ጫፍ አወዳድሩ። አንዱ ብሮድካስት፣ ሌላው ፖይንት ቱ ፖይንት ሆኖ ሰዓታቸው ከገጠመ፣ ጎረቤትነቱ ጤናማ ይመስላል፤ መንገዱ ግን አይገባም። ይህ ከባድ ወጥመድ ነው።

ቢጂፒ (በተለያዩ ድርጅቶች ኔትወርኮች መካከል መንገድ የሚለዋወጥ ፕሮቶኮል) ላይ "አክቲቭ" የሚለው ቃል ያታልላል። በአማርኛ ስናስበው "እየሠራ ነው" ይመስላል። አይደለም፤ ግንኙነት እየሞከረ አልተሳካለትም ማለት ነው። የቲሲፒ ፖርት 179 ክፍት ነው? የጎረቤቱ ኤኤስ ቁጥር (የኔትወርኩ መለያ) ትክክል ነው? በሉፕባክ (በራውተሩ ውስጥ ባለ ምናባዊ ኢንተርፌስ) ከሆነ የሚገናኙት፣ አፕዴት ሶርስ ተጽፏል? ኤክስተርናል ከሆነ ደግሞ ቲቲኤሉ (ፓኬቱ ስንት ራውተር እንደሚሻገር የሚገድበው ቁጥር) በነባሪ 1 ስለሆነ መልቲሆፕ ያስፈልጋል። ግንኙነቱ ተመሥርቶ መንገዱ ካልተመረጠ፣ ኔክስት ሆፑ (በመንገዱ ላይ ቀጣዩ አድራሻ) ይደረስ እንደሆነ ተመልከቱ።

ዲኤችሲፒ (አይፒ አድራሻ በራሱ የሚያድል አገልግሎት) ላይ ሰርቨሩ ሌላ ሰብኔት ውስጥ ከሆነ፣ ጥያቄውን ወደ ሰርቨሩ የሚያስተላልፈው ሄልፐር አድራሻ የት ኢንተርፌስ ላይ እንደተቀመጠ እዩ። መቀመጥ ያለበት በደንበኞቹ በኩል ነው። ናት (የውስጥ አድራሻን ወደ ውጭ አድራሻ የሚቀይረው) ላይ ኢንሳይድና አውትሳይድ ተቀያይረው ይገኛሉ። ተነል (በሌላ ኔትወርክ ውስጥ የሚያልፍ ምናባዊ መስመር) ላይ ደግሞ ተነሉ እየመጣ እየሄደ ካስቸገራችሁ፣ የመድረሻው አድራሻ በራሱ በተነሉ ውስጥ እየተማረ እንደሆነ ጠርጥሩ።

ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም ነው ያለው። ይበቃል?

ለመጀመር ይበቃል። ፓኬት ትሬሰር በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ አካውንት በነፃ ይገኛል፣ ቀላልም ነው። ለሲሲኤንኤ ደረጃ ጥሩ ነው። ግን የራውተር መሳይ ፕሮግራም እንጂ እውነተኛ የራውተር ሶፍትዌር ስላልሆነ ብዙ ትእዛዞች ይጎድሉታል። ከፍ ስትሉ ጂኤንኤስ3 ወይም የኢቪኢ ኤንጂ ነፃው እትም አለ። እዚያ ላይ እውነተኛውን ሶፍትዌር በቨርቹዋል ታስነሳላችሁ። የሲስኮ አይኦኤስቪ ለአንዱ ራውተር 512 ሜጋባይት ያህል ራም ይፈልጋል። አምስት ብታስነሱ ላፕቶፑ ይችለዋል። የራውተሩን ሶፍትዌር ግን በሕጋዊ መንገድ አግኙት።

ገንዘብ ያጠራቸውን ልጆች ወደ ኤፍአርአር ነው የምመራቸው። በሊኑክስ ላይ የሚሠራ፣ ነፃና ክፍት የሆነ የራውቲንግ ሶፍትዌር ነው። ኦኤስፒኤፍና ቢጂፒ አለው፤ የትእዛዝ አጻጻፉም ከሲስኮው ጋር በጣም ይቀራረባል። ራምም አይበላም። ብልሽት የማንበብ ችሎታችሁን እዚያ ላይ ብትገነቡት ወደ ሌላው ትሸከሙታላችሁ።

መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል። እንዴት ልለማመድ?

ላቡ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሰነዶቹን መስመሩ ጥሩ በሆነበት ሰዓት አውርዳችሁ አስቀምጡ። ሲስኮ የኮንፊግሬሽን መመሪያዎቹን በፒዲኤፍ ያቀርባል። ኮንፊጋችሁን በየ15 ደቂቃው ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ገልብጡ። አንዱ ልጅ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል የለፋበት ቶፖሎጂ (የላብ ኔትወርክ) መብራት ሲሄድ ጠፍቶበት ሲያዝን አይቻለሁ። የጽሑፍ ፋይል ቢኖረው ኖሮ በ5 ደቂቃ ይመልሰው ነበር።

መብራት በጠፋበት ሰዓት ደግሞ በወረቀት ሥሩ። ካርታ ሥላችሁ ፓኬቱን በእጃችሁ አስኪዱት። ፒሲው መጀመሪያ ማንን ይጠይቃል? ስዊቹ በየት ይልከዋል? ራውተሩ ማክ አድራሻውን በምን ይቀይረዋል? ጋቢ ደርቦ በሻማ ይህንን የሠራ ሰው ስክሪን ፊት ሲቀመጥ አይደናገርም።

ዴበግ (ራውተሩ የሚያደርገውን በቅጽበት የሚያሳይ ትእዛዝ) ልጠቀም?

መጨረሻ ላይ፣ በጠባቡ። መጀመሪያ ሾው። ዴበግ ካበራችሁ ምን እንደምትፈልጉ አውቃችሁ አብሩ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ወዲያው አጥፉ። ሁሉንም የሚያጠፋው "አንዴበግ ኦል" በጣታችሁ ጫፍ ይኑር።

ሰዓቱን እንዴት ልከፋፍል?

እኛ 10 ትኬት በ2 ሰዓት እንለማመዳለን። ለአንዱ 12 ደቂቃ ማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ትኬት ማንበብ ግዴታ ነው። አንዳንዱ ትኬት በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ቀድሞ መስተካከል ያለበትን በዚህ ታውቃላችሁ። 12 ደቂቃው ካለቀ የደረሳችሁበትን በአንድ መስመር ጽፋችሁ እለፉ። መተው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እልህ ይይዛል። ግን አንድ ትኬት ላይ 40 ደቂቃ ያቃጠለ ሰው ሦስት ቀላል ትኬት ሳያይ ይወጣል። ተመልሳችሁ ስትመጡ ደግሞ ዓይናችሁ አርፎ መልሱ ፊታችሁ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ይጎዳኛል?

ንግግሩ አይጎዳችሁም። የትኬቱን ገደብ አለማንበብ ግን ይጎዳል። "ስታቲክ ራውት አትጠቀሙ"፣ "ያለውን አታንሱ"፣ "በሁለቱም አቅጣጫ ይሥራ" የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች አጫጭር ናቸው፤ ነጥቡ ያለው ግን እዚያ ነው። ትኬቱን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ክልከላዎቹን በአማርኛ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። በራሳችን ቋንቋ የጻፍነው ነገር ስንቸኩል እንኳ ይታየናል።

ሰው "የወጣ ፈተና" ይሸጥልኛል። ልግዛ?

አትግዙ። ከተያዛችሁ የፈተናውን ውጤትም ምስክር ወረቀቱንም ታጣላችሁ። ሌላም ነገር አለ። ነገ ሆስፒታል ወይም ባንክ ውስጥ መስመር ሲቆረጥ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። ያን ሰዓት የተሸመደደ መልስ አይደርስላችሁም። ገንዘቡን ራም ግዙበት።

መሐል ሜዳ ነው ያለሁት፣ አብሮኝ የሚያጠና ሰው የለም። ምን ላድርግ?

ራሳችሁ ያበላሻችሁትን ራሳችሁ መፈለግ ውሎ አድሮ ይቀላል፤ መልሱን ታውቁታላችሁና። ስለዚህ አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ ግን አጠገባችሁ መሆን የለበትም። እኛ የተበላሹ ኮንፊጎችን በቴሌግራም እንለዋወጣለን። የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ጥቂት ኪሎባይት ነው፣ በደካማ መስመርም ይሄዳል። አንዱ ከሸዋ ሮቢት ያበላሻል፣ ሌላው መሐል ሜዳ ሆኖ ይፈልጋል። ሰው ጭራሽ ከጠፋ፣ 10 የተበላሹ ፋይሎች ዛሬ አዘጋጁና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳታዩ አንዱን ክፈቱ። ያኔ የሠራችሁትን ረስታችሁታል።

የፈተናው ቀን ምን ልጠንቀቅ?

እዚህ ላይ ቴክኒክ ሳይሆን እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከቱ ሦስት ነገሮች አሉ።

ስም። ስትመዘገቡ የጻፋችሁት ስም ከፓስፖርታችሁ ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በአሥር ዓይነት ይጻፋል። የአያት ስም አንዱ ላይ ገብቶ ሌላው ላይ ይቀራል። ይህንን ከፈተናው ሳምንታት በፊት አስተካክሉ፤ በር ላይ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ሰዓትና ቀን። ቀጠሮው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 9፡00 ቢል በእኛ 3 ሰዓት ነው። 13፡00 ቢል በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ቀኑም ላይ ወሩን አስቀድመው የሚጽፉ ስላሉ፣ 04/05 የሚል ካያችሁ ኤፕሪል 5 ይሁን ሜይ 4 ለዩ። ስልካችሁ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር መዝግቡት።

መንገድ። የምርጫ ፈተናውን አዲስ አበባ ማዕከል ሄዳችሁ ከሆነ የምትፈተኑት፣ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ በዕለቱ ጠዋት አትነሱ። ከቀዳሚው ቀን ግቡና ዘመድ ጋ እደሩ። ከቤት ሆኖ በካሜራ መፈተንም ይቻላል፤ እኔ ግን መብራቱ እንዳለ በሚቀመጥበት ቦታ እንድትፈተኑ እመክራለሁ። ለሲሲአይኢ ላብ ወደ ውጭ የምትሄዱ ደግሞ ቪዛውን ከቀጠሮው አስቀድማችሁ ጀምሩ። ከፈተናው በፊት ባለው ማታ አዲስ ነገር አትክፈቱ። የብልሽት ደብተራችሁን አንዴ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡትና ተኙ።